ከቦርከና ድንጋይ ሥር



የጠሃራን ምዕራፍ ስናስቀራ ልጆቹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ። ቦታው የሚፈስ ደም የሌላቸው ጥቃቅን ነፍሳት፣ ዝንብም ትሁን ጉንዳን፣ ራሳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቢሞቱ ውሃውን ነጃሳ እንደማያደርጉት የሻፊዒያ ዑለሞች የሚገልጹበት ነው። ልጆች ናቸውና ለሞተች ዝንብ ይህን ያህል ቦታ መሰጠቱ ይገርማቸዋል። አምና ግን አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሳይስቅ እጁን አወጣና፣ «ኡስታዝ፣ ነፍሳቱ ውሃውን የማያበላሹት ከሆነ፣ ውሃውስ ነፍሳቱን ያበላሻቸዋል ወይ?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ኪታቡን ከዘጋን በኋላም አልለቀቀንም። ቅዳሜና እሑድ በመድረሳ፣ ሌላውን ቀን ደግሞ በቀለሙ ትምህርት ቤት የምናስተምር በመሆናችን፣ አንዱ ቤት ያጣነውን ሌላው ቤት መፈለግ ልማዳችን ነው። መልሱንም ያገኘነው ከባዮሎጂ ነው። አዎን፣ ውሃው ነፍሳቱን ያበላሻቸዋል። ከዚያም በላይ፣ የትኞቹ ቀድመው እንደሚሞቱና የትኞቹ እንደሚቀሩ ያወቀ ሰው፣ ድንጋይ ገልብጦ ብቻ የወንዙን ጤና ሊናገር ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወንዝ ድንጋይ ሥር፣ በአሸዋውና በረገፈው ቅጠል መሐል፣ አከርካሪ የሌላቸው ነገር ግን በዓይን የሚታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ። አብዛኞቹ ወደፊት ክንፍ አውጥተው የሚበሩ ነፍሳት እጮች ናቸው። ከእነርሱም ጋር አልቅት፣ ቀንድ አውጣ፣ ትልና ሸርጣን አሉ። ብዙዎቹ የሚተነፍሱት ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ወንዝ ውስጥ ሰገራ፣ የቄራ ደም፣ የቆዳ ፍቅፋቂ ወይም አተላ ሲገባ ባክቴሪያዎች ያንን ለመብላት ይረባረባሉ፤ ሲበሉም ኦክሲጅኑን ይፈጁታል። ያን ጊዜ እንደ ሰዉ ሁሉ ከነፍሳቱም የማይችለው ይወድቃል፣ የሚችለው ይቆያል።

ከማይችሉት አንዷ በሆዷ ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ መተንፈሻ የተደረደረላት፣ ከኋላዋም ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላት እጭ ናት። ሌላዋ ደግሞ ከአፏ በሚወጣ ሐር የአሸዋ ቅንጣትና የቅጠል ቁራጭ አጣብቃ እንደ ቱቦ ያለ ቤት የምትሠራና ቤቷን ይዛ የምትሄድ ናት። ሱብሓነላህ! ልጆቹ ይህችን ያዩ ቀን የቀረውን ትምህርት ማስተማር አልቻልንም። ከሚችሉት ወገን ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ ትል አለ፤ የትንኝ ዘመድ የሆነች ነፍሳት እጭ ነው። የቀላው በእኛም ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ በእርሱም ጥቂቷን ኦክሲጅን አሟጥጦ ይይዛል። (የሚፈስ ደም የሌለው ነፍሳት ብለን ያስተማርን ሰዎች ይህን ቀይ ትል ስናሳይ ልጆቹ እንዴት እንዳፋጠጡን አይጠየቅ!) ከእርሱም የባሰ ቻይ አለ። ጭራውን እንደ ቧንቧ ወደ ላይ ዘርግቶ ከአየር የሚተነፍስ ወፍራም እጭ ነው። ይህ ብቻውን የቀረበት ውሃ ኦክሲጅኑ አልቋል ማለት ነው።

በጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ላቦራቶሪ መውሰድ ጥሩ ነገር ነው፤ እኛም አንጠላውም። ነገር ግን ጠርሙሱ የሚናገረው ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው። ጧት የተቀዳው ውሃ ሌሊት ስለተለቀቀው አይናገርም። ከድንጋዩ ሥር ያለችው እጭ ግን ሌሊቱንም፣ ያለፈውን ሳምንትም፣ ያለፈውን ወርም እዚያው ሆና አሳልፋለች። የሰው ልጅ ይህን ካወቀ ቆይቷል። ኮልክቪትስና ማርሶን የተባሉ ሁለት ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 የወንዝ ፍጥረታትን በቆሻሻ ቻይነታቸው ደርድረው አሳትመዋል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሳይንቲስቶች ለራሳቸው የሚጠቀሙበትን ዘዴ አቃለው ለተማሪዎች የሚሆን አዘጋጅተዋል። ሚኒሳስ ይባላል። ፍጥረታቱን በ13 ወገን ብቻ ይከፍላቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ወገን ነጥብ አለው፤ የተገኙትን ነጥቦች ደምሮ በወገኖቹ ብዛት ማካፈል ነው። አራቱን የሒሳብ መደቦች የተማረ ልጅ ሁሉ ይችለዋል። ትል 2 ነጥብ ያገኛል፣ ከሁሉ በላይ ንጹሕ ውሃ የምትፈልገው ባለ ሁለት ጭራ የድንጋይ እጭ ደግሞ 17።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የ17ቷ ባለቤት በኢትዮጵያ ወንዞች ብርቅ ናት፤ የእርሷ ወገን ወደ ደጋችን የደረሰው በጣም በጥቂቱ ነው። የደቡብ አፍሪካውን ሠንጠረዥ እንዳለ ብንወስድ ንጹሑን ምንጫችንን ያለ ጥፋቱ ልንከሰው እንችላለን። የአገራችን ተመራማሪዎችም ይህን አይተዋል። አስቻለው ላቀው ከኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የሚስማማ የነጥብ አሰጣጥ አሳትመዋል፤ ኢትባዮስ ይባላል። ከእርሱም በፊት በአዲስ አበባ በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ነበር። ውጤቱ ያሳዝናል። በከተማይቱ ክፉኛ በተበከለው የወንዝ ክፍል እነዚህ ፍጥረታት ጨርሰው ጠፍተዋል ለማለት የሚያስደፍር ሆነ፤ ለመመስከር የቀሩት በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ደቂቅ ዋቅላሚዎች ነበሩ።

የእኛው ወንዝ ቦርከና ነው። ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ተንደርድሮ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ በሐርቡ በከሚሴ አድርጎ የጨፋን ረግረግ ያጠጣና ወደ አዋሽ ይሄዳል። በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም የአርጎባውም ከብት ወደ ጨፋ ሣር ይመጣል። ስለዚህ ከደሴ ሸንተረር የተደፋ ነገር የሚሄደው «ወደ ታች» ወደተባለ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ሰው ወዳለበት ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ልጆቹን ይዘን ወጣን። ኅዳርን የመረጥነው በክረምት ጎርፉ ድንጋዩንም ነፍሳቱንም ጠራርጎ ስለሚወስድ ነው። ዕቃችን ወንፊት፣ የሻይ ማጥለያ፣ ነጭ ሳህን፣ ማንኪያና ደብተር ነበር። ነጭ ሳህኑ ግድ ነው፤ በቀለማም ሳህን ላይ ትንሿ እጭ አትታይም። አንዱ ልጅ ከወንዙ በታች በኩል ወንፊቱን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ከላይ በኩል ያለውን ድንጋይ አንስቶ ያሽበታል፤ የተላቀቀው ሁሉ በውሃው ተገፍቶ ወንፊቱ ውስጥ ይገባል። ተቆጥሮ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ድንጋዩም እንደነበረ ይቀመጣል። ፍጥረቱን ካየነው በኋላ ቤቱን አፍርሶ መሄድ አይገባም።

በጦሳ ሥር ያለው ጅረት ደስ አሰኘን። ባለ ሦስት ጭራዋም፣ ቤት ሠሪዋም፣ ልጆች «ሔሊኮፕተር» የሚሏት ባለ አራት ክንፏ ነፍሳት እጭም፣ ሸርጣንም ነበሩ። ሸርጣኑ አንዱን ልጅ ጣቱን ይዞት ጩኸቱ አስፋልት ድረስ ተሰማ። ከተማው መሐል፣ ከገበያው በታች ስንደርስ ግን የሳቁ ድምፅ ጠፋ። ላስቲኩ፣ ጫማው፣ የአትክልት ልጣጩ ድንጋዩን ሸፍኖታል። ሳህኑ ላይ የቀረው ቀይ ትልና አልቅት ብቻ ነበር። አንዲት ልጅ፣ «ኡስታዝ፣ ይኸ እኮ እኛ የጣልነው ነው፤ ቤታችን እዚያ ማዶ ነው» አለች። ልንመልስላት የምንችለው ነገር አልነበረም፤ የእኛም ቤት ከዚያው ማዶ ነውና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉባት ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ከፋብሪካዎች የሚወጣው ውሃ የሚገባባቸውን ለዮሌና ወርቃ የተባሉትን የቦርከና ገባሮች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ናሙና እየወሰዱ ክሮሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ ለክተውባቸዋል። እኛ እርሳስ መለኪያ የለንም፤ ያለን ወንፊት ነው። ከአንድ መፍሰሻ በታች ሁለት ጊዜ ጠለቅን። የወጣው ቀይ ትልና ያ ባለ ቧንቧ ጭራው እጭ ብቻ ነበር።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። ያን ዕለት ልጆቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በባዶ እግራቸው ውሃው ውስጥ ገብተዋል፤ ያስገባናቸውም እኛው ነን። በነጋታው በጤና ሙያ የሚሠሩ አንዲት እናት መጡና፣ «ኡስታዝ፣ ቢልሃርዚያ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም?» አሉን። ሰምተናል፤ እንዲያውም አስተምረናል። በሐርቡና በከሚሴ አካባቢ በሽታው እንዳለ፣ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ውስጥ ቆዳን በስቶ እንደሚገባ በሰሌዳ ሥለን አሳይተናል። ሰሌዳው ላይ ያስተማርነውን ወንዙ ዳር ረሳነው። ጥቂት ሳምንታት ጠብቀን ልጆቹን አስመረመርን። የሁለቱ ሰገራ እንቁላሉ ተገኘበትና ፕራዚኳንቴል ተሰጣቸው፤ አልሐምዱሊላህ ድነዋል። በሽታው የያዛቸው ከእኛ ጋር ይሁን ወይስ ቀድሞ ሲዋኙ፣ እርሱን አላህ ያውቃል። ይህ ግን ከወላጆቻቸው ፊት ስንቆም አላጽናናንም። ከዚያ ወዲህ ከኮምቦልቻ ጀምሮ በታች ልጅ ውሃ አይገባም። ቦቲ አጥልቆ፣ ጓንት አድርጎ የሚገባው መምህሩ ነው፤ ልጆች ዳር ላይ ሆነው ይለያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ሳህኑንም ሲነኩ በጓንት ነው። ደሴ ከፍታዋና ብርዷ ለዚህ በሽታ አይመችም፤ ቢሆንም እዚያም በቁስል እግርና ባልታጠበ እጅ ቀልድ የለም።

በዚያው ሰሞን ሌላ እንግዳ መጣብን። ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊዱ በር ላይ አንድ አባት ጠብቀው ያዙን። ልጃቸው ከቆጣሪዎቹ አንዷ ናት፤ እርሳቸው ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ከሚሠሩት ናቸው። የልጅቱን ደብተር ይዘዋል። «ቀይ ትል፣ ከመፍሰሻው በታች፣ ሌላ የለም» ይላል ጽሑፉ።

«ኡስታዝ፣ ልጄን በእንጀራዬ ላይ ምስክር ሊያቆሟት ነው ወይ?»

«ጋሼ፣ ልጅቱ የጻፈችው ያየችውን ነው» አልናቸው። ድምፃችን ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«ያየችውማ ልክ ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ያላየችውስ? ከመፍሰሻው በላይ ያለውን ድንጋይ ገልብጣችኋል? ከደሴ የሚወርደው ሽቶ ነው ወይ?»

ዝም አልን። አልገለበጥንም ነበር። ጦሳ ሥርን አይተናል፣ ገበያውን አይተናል፣ ከዚያ ዘለን ከፋብሪካው በታች ወረድን። በመሐሉ ወንዙ ምን ይዞ እንደደረሰ ሳናይ የታችኛውን ጥፋት ሁሉ ለአንድ መፍሰሻ ሰጠነው። በፍርድ ቤት ቢሆን ዳኛው ያባርረን ነበር። በሳይንሱም ቢሆን ያው ነው፤ የላይኛውን ሳታይ የታችኛውን አትፈርድም። ሰውየው የተማሩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ እኛ ግን ዲግሪ አለን።

ማታ ልጅቱ፣ «ላጥፋው ወይ ኡስታዝ?» ብላ ጠየቀችን። አታጥፊው፣ ከእርሱ በላይ ባዶ መስመር ተይ አልናት። በሦስተኛው ቅዳሜ ተመልሰን ስንወርድ አባትየው ቦቲ አጥልቀው አብረውን መጡ፤ ወንፊቱንም ከእኛ ይልቅ እርሳቸው አሳምረው ያዙት። ከመፍሰሻው በላይ አልቅት ነበር፣ ቀይ ትልም ነበር፤ ግን ከእነርሱ ጋር አነስ ያለች፣ ቆሻሻን በመጠኑ የምትችል ባለ ጭራ እጭ፣ የሔሊኮፕተሯም ልጅ፣ የውሃ ጥንዚዛም ነበሩ። ወንዙ ከደሴ ቆስሎ ቢወጣም ዶሮ መዝለያ ላይ ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተም አየር እየተቀላቀለበት ጥቂት አገግሞ ይደርሳል ማለት ነው። ከመፍሰሻው በታች ደግሞ ያው እንደ ፊተኛው ሆነ። አባትየው ሳህኑን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ለልጃቸው፣ «ጻፊ፤ ሁለቱንም ጻፊ» አሏት። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ስንመለስም በመኪና ውስጥ ዝም እንዳሉ ነበር።

እንጀራቸውን እናውቃለን። ለዚህ ነው የፋብሪካውን ስም እዚህ የማንጽፈው። ሦስት ቅዳሜ የሠሩ ልጆች ደብተር ለምርመራ መነሻ ይሆናል እንጂ ፍርድ አይሆንም። ደግሞም ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፣ ሞቃት ውሃም ከቀዝቃዛ ውሃ ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛልና፣ ከላይና ከታች ያየነው ልዩነት ሁሉ የቆሻሻ ነው ማለት አይቻልም። ይህን ሁሉ ልጆቹ በደብተራቸው ጽፈውታል። ሆኖም ወላጆች አንድ ነገር እንዲያውቁ እንወዳለን። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ ብክለት ያየ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ ደረሰ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል ደንግጓል። አቤቱታውን የሚያቀርበው ግን አዋቂ ይሁን። ልጅ ያየውን ይጻፍ፤ ፊርማው የአባትና የእናት ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስና፣ ብዙ እናቶች የሚጠይቁንን አብረን እንመልስ። ነፍሳቱ የሞላበት ጅረት ለውዱእ ይሆናል? ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው በነጃሳ እስካልተለወጠ ድረስ የሚፈስ ብዙ ውሃ ነውና ይሆናል፤ የነፍሳቱ መኖር አያግደውም። ይጠጣል ወይ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። ባለ ሦስት ጭራዋ ስለ ኦክሲጅን ትናገራለች እንጂ ስለ ተቅማጥ ጀርም አትናገርም። በጦሳ ሥር ያየነውን ያንን የሚያምር ውሃ እንኳ ሳይፈላ ለልጅ አንሰጥም። ከመፍሰሻ በታች ያለው ቀለም የለወጠው ውሃ ለውዱእም አይታሰብ። በእርሱ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ወንድሞችም አሉ። ልጆቹ በሚመጣው ዓመት ከእነርሱ ማሳ አጠገብ ያለውን ቦይ ማየት ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን አስቀድመን ባለ ማሳዎቹን ሳናማክር አንሄድም። የአንድ አባት እንጀራ ያስተማረን ይበቃናል።

ዘንድሮም ኅዳር ላይ፣ ኢንሻአላህ፣ ከዚያው ከጦሳ ሥር እንጀምራለን። በዚህ ጊዜ የምናያቸው ቦታዎች አምስት ናቸው፤ ጢጣንና ከዶሮ መዝለያ በታች ያለውን ጨምረናል። ነጭ ሳህን ያላችሁ ብታውሱን ደስ ይለናል። ወንፊት ግን እንዳትልኩ፤ አምና ልጆቹ ሳያስፈቅዱ ያመጡት የእናቶቻቸው የዱቄት ወንፊት ጉዳይ እስከ አሁን አልተቋጨም። ቦቲውን አባትየው፣ «ሁለት ጥንድ አለኝ» ብለውናል።

ወሰላሙ ዐለይኩም።